«ሳምዋን» ወይስ «ሳምባዲ»? የሚመሳሰሉ የእንግሊዝኛ ተውላጠ ስሞችን ለይቶ መጠቀሚያ መመሪያ

እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለተማርን ሰዎች ተውላጠ ስም ሲባል ቶሎ የሚታወሰን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተደርድሮ በቃል ያጠናነው «አይ፣ ዩ፣ ሂ፣ ሺ» ነው። በዚያ ላይ እምብዛም አንሳሳትም። የምንቸገረው ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስንጽፍ፣ ለአከራይ መልእክት ስንልክ ወይም በስልክ ስንመልስ፣ ሁለት የሚመሳሰሉ ቃላት እኩል ትክክል መስለው ሲታዩንና አንዱን በግምት አንሥተን ስናልፍ ነው። እኔ ለጥቂት ዓመታት የባልደረቦቼን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ከመላኩ በፊት የማየት ሥራ ነበረብኝ፤ በዚያ ጊዜ ያስተዋልኩት ስሕተቶቹ በዘፈቀደ የሚመጡ አለመሆናቸውን ነው። አብዛኞቹ አማርኛው በሚሄድበት መንገድ እንግሊዝኛውን ለመምራት ከመሞከር የተነሡ ነበሩ። የሚገርመው ግን፣ በብዙ ቦታ ላይ ከስሕተቱ የሚያወጣንም ያው አማርኛው ነው፤ ምክንያቱም እንግሊዝኛ የደበቀውን ልዩነት አማርኛ በቃሉ ጫፍ ላይ በአንዲት ፊደል አጋልጦ ያሳያል።

ስለዚህ የሚከተሉት እርምጃዎች የሚመሩት በአንድ ሐሳብ ነው፦ ዓረፍተ ነገሩን አስቀድመው በአማርኛ ይበሉት፣ ምልክቱን ይፈልጉ፣ ከዚያ በኋላ ይምረጡ። አማርኛው የሚያሳስትባቸውን ጥቂት ቦታዎችም በየቦታቸው አመለክታለሁ። የእንግሊዝኛ ቃላቱን በሚነገሩበት ድምፅ በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ።

እርምጃ 1፦ ልዩነቱ የለዛ ብቻ ከሆነ አይጨነቁ

በመጀመሪያ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የትርጉም፣ የሰዋስው ወይም የአነጋገር ለዛ መሆኑን ይለዩ። «ሳምዋን» እና «ሳምባዲ» ሁለቱም «አንድ ሰው» ማለት ናቸው፤ «ኤቭሪዋን» እና «ኤቭሪባዲ» ሁለቱም «ሁሉም ሰው»፣ «ኤኒዋን» እና «ኤኒባዲ» ሁለቱም «ማንም ሰው» ናቸው። በትርጉም አይለያዩም፣ በሰዋስውም አይለያዩም። በ«ዋን» የሚጨርሱት በጽሑፍ፣ በ«ባዲ» የሚጨርሱት በንግግር ይበዛሉ። ደብዳቤ ከሆነ «ዋን»ን፣ ጨዋታ ከሆነ «ባዲ»ን ቢይዙ ማንም አይነቅፍዎትም፤ ቢገለብጡትም ስሕተት አይባልም።

ሁለት ነገሮችን ብቻ ያስታውሱ። አንደኛው፣ «ባዲ» የሚለው ወገን ሙሉ ስም ሆኖ «ኤ» ሊቀደምለት ይችላል። «ኤ ሳምባዲ» ሲባል እኛ «አንቱ የተባለ ሰው» የምንለው ዓይነት ነው፤ «ኤ ኖባዲ» ደግሞ ከቁጥር የማይገባ ሰው ማለት ነው፤ ስለዚህ በቀልድ እንኳ ስለ ሰው ሲናገሩ ይጠንቀቁ። ሁለተኛው የአጻጻፍ ጉዳይ ነው፦ «ኖ ዋን» በመካከሉ ክፍተት ኖሮት በሁለት ቃል ይጻፋል፤ «ኖባዲ» ግን አንድ ቃል ነው። «ኤቭሪዋን» ተጋጥሞ ሲጻፍ «ሁሉም ሰው» ነው፤ ተነጣጥሎ ሲጻፍ «እያንዳንዱ» ይሆናል፤ ያን ጊዜ ለዕቃም ይሠራል። «ከሲኒዎቹ እያንዳንዱ ተሰብሯል» ማለት ከፈለጉ ሁለቱን ቃላት ነጣጥለው «ኤቭሪ ዋን ኦቭ ዘ ካፕስ» ብለው ይጻፉ። ከኋላው «ኦቭ» ከመጣ ይለያያል ብሎ መያዝ ይበቃል። «ኤኒዋን»ም በዚሁ መንገድ ይሄዳል።

እርምጃ 2፦ አሉታውን ይቁጠሩ

በአማርኛ «ማንም አልመጣም» እንላለን። «ማንም» በራሱ አሉታ አይደለም፤ አሉታውን የተሸከመው «አልመጣም» ነው። ስለዚህም «ማንም»ን በአዎንታ ዓረፍተ ነገር ውስጥ፣ «ይህን ማንም ያውቀዋል» ብለን እንጠቀምበታለን። የእንግሊዝኛው «ኖባዲ» ግን አሉታውን በሆዱ ይዞ የሚዞር ቃል ነው። «ኖባዲ ካም» ብሎ ከገባ በኋላ ግሱ ሌላ አሉታ አያስፈልገውም። እኛ ግን ግሳችን አሉታ ካልያዘ ዓረፍተ ነገሩ የጎደለ ስለሚመስለን፣ «ኖባዲ ዲድንት ካም» ብለን እንጨምርለታለን። በጥብቅ ከታየ ይህ «ያልመጣ የለም» ማለት ነው፤ ማለትም ሁሉም መጥቷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዓረፍተ ነገሩን ከጻፉ በኋላ አሉታ የሚሰጡትን ቃላት በጣትዎ ይቁጠሩ፤ «ኖት»፣ «ዲድንት»፣ «ኔቨር»፣ «ኖባዲ»፣ «ናዚንግ»፣ «ኖ ዋን» ሁሉም ይቆጠራሉ። በአንድ ግስ ዙሪያ አንድ ብቻ ይበቃል። ሁለት ካገኙ ከሁለቱ አንዱን ይለውጡ፦ ወይ ግሱን ወደ አዎንታ ይመልሱ፣ ወይ «ኖ» የያዘውን ተውላጠ ስም በ«ኤኒ» ይተኩ። «ማንንም አላየሁም» ለማለት «አይ ሶ ኖባዲ» ወይም «አይ ዲድንት ሲ ኤኒባዲ» ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ጠንከር ይላል፤ የዕለት ተዕለቱ ሁለተኛው ነው።

እዚህ ላይ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚፈቅድ ቦታ አለ፤ ብዙ ሰው ስሕተቱን የማያውቀውም እዚህ ላይ ነው። «ማንም» የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሆኖ ከፊት ሲመጣ «ኤኒባዲ ዲድንት ካም» ማለት አይቻልም። ቃል በቃል ሲታይ ለ«ማንም አልመጣም» የሚቀርበው እርሱ ስለሆነ ያሳስታል፤ ነገር ግን «ኤኒ» የሚለው ወገን አሉታው ከእርሱ በፊት ካልመጣ በአሉታ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አይቆምም። ስለዚህ ባለቤት ከሆነ ሁልጊዜ «ኖባዲ ካም» ነው። የባልደረቦቼን ደብዳቤ ስመለከት ከሁሉ ይበልጥ ያረምኩት ይህንን ይመስለኛል።

በጥያቄ ውስጥ ደግሞ «ሳም» እና «ኤኒ» የሚለያዩት በጠያቂው ግምት ነው። «ዲድ ኤኒባዲ ኮል?» ያለ ሰው መደወሉንም አለመደወሉንም አያውቅም፤ «ዲድ ሳምባዲ ኮል?» ያለው ግን የስልኩን ጩኸት ሰምቷል ወይም አዎ የሚል መልስ ይጠብቃል። ሰውን ሲጋብዙም «ሳም»ን ይምረጡ። ለእንግዳ «ዉድ ዩ ላይክ ሳምዚንግ ቱ ድሪንክ?» ሲሉት አቅርበውለታል፤ በ«ኤኒዚንግ» ሲጠይቁት ግን «ምናልባት የሚጠጣ ነገር ትፈልግ ይሆን?» ዓይነት ስለሚሆን፣ ቡና ሳይጠጣ አትሂድ የምንል ሰዎች ልንለው የምንፈልገው አይደለም። ስሕተት አይደለም፤ ቀዝቀዝ ያለ ግብዣ ነው።

«ኤኒባዲ» በአዎንታ ሲገባ «ማንኛውም ሰው» ይሆናል። «ኤኒባዲ ካን ዊን» ሲባል ማንም ሊያሸንፍ ይችላል፣ አሸናፊው ግን አንድ ሊሆን ይችላል። «ኤቭሪባዲ ካን ዊን» ሲባል ሁሉም በአንድነት አሸናፊ ሊሆኑ ይችላሉ። የሎተሪ ማስታወቂያ የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አያዳግትም።

እርምጃ 3፦ «አይ»፣ «ሚ» እና «ማይሰልፍ»ን በ«ኝ» ይፈትኑ

በዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን በምጽፋቸው ደብዳቤዎች መጨረሻ ላይ፣ ለተጨማሪ ማብራሪያ የክፍል ኃላፊውን «ኦር ማይሰልፍ» ያነጋግሩ እያልኩ እጽፍ ነበር። «ሚ» የልጅ አነጋገር፣ «ማይሰልፍ» ግን ክብርና ትሕትና ያለው ቃል ይመስለኝ ነበር። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎችም በዚሁ ስሜት ተመርተው ይህንን ይሳሳታሉ፤ ይህ ግን አያጸድቀውም። ቦታው የ«ሚ» ነበር።

ፈተናው ቀላል ነው። ከእርስዎ ጋር የተጠቀሰውን ሌላ ሰው ለጊዜው ያውጡትና ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ለብቻዎ ይበሉት። ግሱ በ«ኝ» ካለቀ «ሚ» ነው። «ዳይሬክተሩ ባለቤቴንና እኔን ጋበዘን» የሚለውን ለብቻዎ ሲያደርጉት «ጋበዘኝ» ይሆናል፤ ስለዚህ «ኢንቫይትድ ማይ ዋይፍ ኤንድ ሚ» ትክክል ነው። «ባለቤቴና እኔ ሄድን» የሚለው ግን «ሄድኩ» ስለሚሆን «ማይ ዋይፍ ኤንድ አይ ዌንት» ይባላል። በአማርኛ «እኔና ጓደኛዬ» ማለት ነውር የለበትም፤ ራስን ማስቀደም እንደ ትዕቢት አይቆጠርም። በእንግሊዝኛ ግን ራስን ከኋላ ማሰለፍ የጨዋ ሰው ልማድ ነው፤ ስለዚህ በጽሑፍ «ማይ ፍሬንድ ኤንድ አይ» ይበሉ።

«ኝ» የሚከዳበት ቦታ አለ። «ራበኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «ይመስለኛል»፣ «መኪና አለኝ» የሚሉት ሁሉ «ኝ» አላቸው፤ እንግሊዝኛው ግን በሁሉም ላይ «አይ» ይላል። የአካልንና የልብን ስሜት እንዲሁም ይዞታን የሚገልጹት ግሶቻችን ሰውየውን ተሳቢ ስለሚያደርጉት ነው። «ጠራኝ»፣ «ሰጠኝ»፣ «ነገረኝ» በመሳሰሉት፣ ሌላ ሰው አድርጎብኝ ወይም አድርጎልኝ ባለበት ቦታ ግን ፈተናው አይስትም።

ሁለተኛው ወጥመድ መስተዋድድ ነው። «በአንተና በእኔ መካከል» ስንል «እኔ» ምንም አይለወጥም፤ ከፊቱ «በ» ተለጠፈበት እንጂ ከኋላው «ን» አልመጣም። በዚህ ምክንያት «ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ» ብሎ መጻፍ ለእኛ ጆሮ አያስከፋም፤ ነገር ግን ስሕተት ነው። በ«እኔ» ፊት «ለ»፣ «በ»፣ «ከ»፣ «ስለ» ወይም «ወደ» ከተለጠፈ እንግሊዝኛው «ሚ» ይፈልጋል ብለው ይያዙ፦ «ቢትዊን ዩ ኤንድ ሚ»። በማወዳደር ላይ ያለው «ከእኔ» ብቻ ለዘብ ይላል፤ በንግግር «ቶለር ዛን ሚ»፣ በጥንቃቄ በሚጻፍ ጽሑፍ ደግሞ «ቶለር ዛን አይ አም» ይባላል።

«ማይሰልፍ» ቦታው ሁለት ነው። ባለቤቱም ተሳቢውም እርስዎ ሲሆኑ፣ ማለትም አማርኛው «ራሴን» ሲል፣ እና «ራሴ ሠራሁት» ብለው ሲያጠነክሩት። በሁለቱም ጊዜ በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «አይ» መቅደም አለበት፤ «አይ» ከሌለ «ማይሰልፍ»ን ያውጡት። «ባይ ማይሰልፍ» ደግሞ ከ«በራሴ» ይበልጥ ለ«ብቻዬን» የቀረበ መሆኑን ልብ ይበሉ።

በር አንኳኩተው «ማነው?» ቢባሉ «እኔ ነኝ» እንላለን፤ ቃል በቃል ከተረጎሙት «ኢት ኢዝ አይ» ይሆናል። የድሮ ሰዋስው መምህራን ይህን ያጸድቁታል፣ ነገር ግን ዛሬ ከበር ማዶ ያለው ሰው ይስቅብዎታል፤ «ኢትስ ሚ» ይበሉ።

እርምጃ 4፦ «ሁ» እና «ሁም»ን በ«ማን» እና «ማንን» ይለዩ

በዚህ ጉዳይ አማርኛ ተናጋሪ ከብዙ እንግሊዛዊ ይሻላል ብል ማጋነን አይደለም። እነርሱ «ሁም» የሚለውን በትምህርት ቤት በግድ ይማሩታል፤ እኛ ግን «ማን ጠራህ?» እና «ማንን ጠራህ?» ሕፃን ሳለን ጀምሮ ሳንሳሳት እንለያቸዋለን። የመጀመሪያው «ሁ»፣ ሁለተኛው «ሁም» ነው። ከፊት «ለማን»፣ «ከማን»፣ «ስለማን» የሚል ካለም «ሁም» ነው፤ እዚህም «ን» እንደማይታይ አይርሱ። «እሱን» ለማለት የሚያገለግለው «ሂም» እና «ሁም» በአንድ ድምፅ መጨረሳቸውም ለማስታወስ ይረዳል።

ሁለት ዓረፍተ ነገር ሲያያዝም ግሱን ይመልከቱ። «የጠራኝ ሰው» ውስጥ ሰውየው ጠሪ ነው፣ ስለዚህ «ዘ ማን ሁ ኮልድ ሚ»። «የጠራሁት ሰው» ውስጥ ጠሪው እኔ ነኝ፣ ሰውየው ተጠሪ፤ ስለዚህ «ዘ ማን ሁም አይ ኮልድ»። በንግግር በዚህ ቦታ «ሁም»ን ጨርሶ ማስቀረት ይቻላል፤ «ዘ ማን አይ ኮልድ» ይበቃል። እኔም ይህንን እመርጣለሁ።

«ይመጣል ብዬ የማስበው ሰው» ለማለት ሲፈልጉ ግን ቆም ይበሉ። «የማስበው» የሚለው ሰውየውን ተሳቢ አስመስሎ «ሁም» እንድንል ይገፋፋናል። «ብዬ የማስበው»ን ያውጡትና የቀረውን ይዩ፤ «የሚመጣ ሰው» ነው፣ የግሱም ባለቤት ነው። ስለዚህ «ዘ ማን ሁ አይ ዚንክ ዊል ካም» ይሆናል። «ለመጣው ሰው ስጠው» የሚለውም በ«ለ» ምክንያት «ሁምኤቨር» ያሰኛል፤ ነገር ግን «የመጣው» ባለቤት ስለሆነ «ጊቭ ኢት ቱ ሁኤቨር ካምስ» ነው ትክክሉ።

በአነጋገር «ሁም» እየሳሳ ሄዷል። «ሁ ዲድ ዩ ኮል?» በጽሑፍ ካልሆነ በቀር ማንንም አያስቆጣም። መስተዋድዱ ከፊት ሲቀድም ግን እስከ ዛሬ ቦታውን አልለቀቀም። በአገራችን መሥሪያ ቤቶች የድጋፍ ደብዳቤ ሲጻፍ ከላይ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይባላል፤ ያው ደብዳቤ ለኤምባሲ ወይም ለውጭ ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ሲዘጋጅ «ቱ ሁም ኢት ሜይ ኮንሰርን» ይሆናል። በዚህ አርእስት ላይ «ቱ ሁ» ብሎ መጻፍ ደብዳቤውን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ያስገምታል።

እርምጃ 5፦ ግሱ «ተዋደዱ» ነው ወይስ «ራሳቸውን ወደዱ»?

አማርኛ የእርስ በርስ ድርጊትን በግሱ ውስጥ ያስገባዋል፦ ተያዩ፣ ተረዳዱ፣ ተዋደዱ፣ ተሰዳደቡ። እንግሊዝኛ በአብዛኛው ይህንን በተውላጠ ስም ይገልጸዋልና፣ ተውላጠ ስሙን ስንፈልግ እጃችን «ዜምሰልቭስ» ወይም «አወርሰልቭስ» ላይ ያርፋል። «እንዋደዳለን» ለማለት «ዊ ላቭ አወርሰልቭስ» ያለ ሰው የተናገረው «ራሳችንን እንወዳለን» ነው፤ ለሠርግ ካርድ የሚሆን ቃል አይደለም። «ዊ ላቭ ኢች አዘር» መባል አለበት። ፈተናው፦ አማርኛው «ራስ» የሚል ቃል ካለው «ሰልቭስ»፣ ግሱ በ«ተ» ጀምሮ አንዱ በሌላው ላይ የሚያደርገው ከሆነ «ኢች አዘር»። «ተገናኙ» እና «ተጋቡ» የመሰሉት ግን በእንግሊዝኛም ግሱ ራሱ ስለሚችለው «ዜይ ሜት» ብቻ ማለት ይበቃል።

«ኢች አዘር» እና «ዋን አናዘር»ን በተመለከተ፣ የመጀመሪያው ለሁለት፣ ሁለተኛው ከሁለት በላይ ለሆኑ ነው የሚል ደንብ በብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ይገኛል። ደንቡን ቢጠብቁ አይጎዳዎትም፤ ነገር ግን ሌላ ሰውን በእርሱ አያርሙ። እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ፎውለር እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው የአጠቃቀም መዝገበ ቃላቱ ላይ ሳይቀር ይህ ልዩነት ጥቅምም ታሪካዊ መሠረትም የለውም ብሎ ጥሎታል። እኛም «እርስ በርስ» ስንል ሁለት ይሁኑ ሁለት መቶ አንቆጥርም።

እርምጃ 6፦ ነጠላውንና ብዙውን ያስታርቁ

«ኤቭሪዋን» በትርጉሙ ብዙ ሰው ነው፤ ግሱ ግን ሁልጊዜ ነጠላ ነው። አማርኛው ሁለቱንም ስለሚያስኬድ ያሳስታል፤ «ሁሉም መጡ» እንላለን፣ «ሁሉም ሰው መጣ»ም እንላለን። እንግሊዝኛ ሲጽፉ ሁለተኛውን በአእምሮዎ ይያዙ፤ «ኤቭሪዋን ኢዝ ሂር»፣ «ኤቭሪዋን ሃዝ» እንጂ «አር» እና «ሃቭ» አይሆንም። ከዚህ ወገን ነጻ የሆነው «አንድም» ለማለት የሚያገለግለው የእንግሊዝኛው «ነን» ብቻ ነው፤ እርሱ በ«ኢዝ»ም በ«አር»ም ይሄዳል።

ችግሩ ከግሱ በኋላ ይመጣል። «አንድ ሰው ስልኩን ረስቶ ሄዷል» ስንል አማርኛው ሳያመነታ ወንድ አድርጎ ይናገራል። እንግሊዝኛው «ሂዝ» ይበል፣ «ሄር» ይበል ወይስ ሌላ? ዛሬ የሚመረጠው «ሳምዋን ሌፍት ዜር ፎን» ነው፤ ባለቤቱ አንድ ሰው ሆኖ ሳለ «የእነርሱ» የሚለውን ቃል ይወስዳል። ይህ የዘመን አመጣሽ ስልት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። የ18ኛው ክፍለ ዘመን የሰዋስው ጸሐፊዎች «ሂ» ለሁሉም ይበቃል ብለው ሊያስቀሩት ሞከሩ፤ የብሪታንያ ፓርላማም እ.ኤ.አ. በ1850 በሕጎች ውስጥ የወንድ ጾታ ቃል ሴትንም እንዲያጠቃልል ደነገገ። የሕዝቡ አንደበት ግን «ዜይ»ን አልተወም። የአሜሪካው መዝገበ ቃላት ሜሪያም ዌብስተር እ.ኤ.አ. በ2019 የዓመቱ ቃል አድርጎ መርጦታል፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበርም በአጻጻፍ መመሪያው ተቀብሎታል።

ለአንድ ሰው የብዙ ቁጥር ግስ መስጠት ለአማርኛ ተናጋሪ ሊከብደው አይገባም። እናታችንን «እሳቸው መጡ» ስንል የምንጠቀምበት ግስ «እነሱ መጡ» ከሚለው ጋር አንድ ነው፤ በቤቱ የገቡት ግን አንድ እናት ናቸው። እንግሊዝኛም የራሱ አንቱታ ነበረው፤ «ዛው» የ«አንተ» እና የ«አንቺ»፣ «ዩ» ደግሞ የ«እናንተ» እና የ«እርስዎ» ቦታ ነበራቸው። «ዛው» በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከከተማው አነጋገር እየጠፋ ሄደና ሁሉም ሰው «ዩ» ተባለ፤ ለአንድ ሰው «ዩ አር» የሚባለው ከዚያ በቀረው የብዙ ቁጥር ግስ ነው። ስለዚህ «ዜይ» ለአንድ ሰው ሲውልም ግሱ «አር» ነው፤ «ዜይ ኢዝ» አይባልም። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ከሆነ፣ «ዜይ» ተብሎ መጠራት እንደሚፈልግ የነገረዎትን ባልደረባ በዚሁ ግስ ይጥሩት።

እርምጃ 7፦ ለዕቃ «ኢት» መስጠትን አይርሱ

አማርኛ ለዕቃ የተለየ ተውላጠ ስም የለውም፤ መኪናው «እሱ»፣ ፀሐይዋ «እሷ» ናት። በዚህ የተነሣ ስለ ጠረጴዛ ወይም ስለ ስልክ ሲናገሩ «ሂ» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ለዕቃና ለሐሳብ ሁልጊዜ «ኢት» ነው።

«የእሱ» የሚል ትርጉም ያለው «ኢትስ» እና «ኢት ኢዝ» ሲያጥር የሚገኘው «ኢትስ» በፊደላችን ስጽፋቸው አንድ ናቸው፤ ለጆሮም አንድ መሆናቸው ነው ችግሩ። በላቲን ፊደል ሲጽፉ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ቃሉን ዘርግቼ «ኢት ኢዝ» ብዬ ባነበው ዓረፍተ ነገሩ ይቆማል? ከቆመ አፖስትሮፍ ያድርጉ፤ ካልቆመ አያድርጉ። «የማን» የሚለው «ሁዝ» እና «ሁ ኢዝ» ሲያጥር የሚመጣው «ሁዝ»ም በዚሁ ፈተና ይለያሉ። ስልክ ላይ ማን እንደሚናገር ለመጠየቅ ደግሞ አሜሪካኖች «ሁ ኢዝ ዚስ?» ይላሉ፣ እንግሊዞች «ሁ ኢዝ ዛት?» ማለት ይቀናቸዋል።

እርምጃ 8፦ ከመላክዎ በፊት በአንድ መልእክት ላይ ይሞክሩት

የሚከተለውን መልእክት ለመለማመጃ ያዘጋጀሁት ነው፤ አንድ ተከራይ ውኃ ሲቋረጥበት ለሕንፃው አስተዳዳሪ የጻፈው ይሁን። «ሚ ኤንድ ማይ ዋይፍ ዲድንት ሪሲቭ ናዚንግ። ኤኒባዲ ዲድንት ቴል አስ። ኤቭሪዋን ኢን ዘ ቢልዲንግ ሃቭ ዘ ሴም ፕሮብለም። ቱ ሁ ሹድ ዊ ራይት? ፕሊዝ ኮል ማይ ዋይፍ ኦር ማይሰልፍ።» ሰውየው ሊል የፈለገው፣ እኔና ባለቤቴ ምንም ማስታወቂያ አልደረሰንም፣ ማንም አልነገረንም፣ የሕንፃው ሰው ሁሉ ተመሳሳይ ችግር አለበት፣ ለማን እንጻፍ፣ ለባለቤቴ ወይም ለእኔ ይደውሉ ነው።

ከመጀመሪያው ይነሡ። ሚስቲቱ ስትወጣ «አልደረሰኝም» ይቀራል፤ «ኝ» አለው፤ ነገር ግን በእንግሊዝኛው «ሪሲቭ» ሲባል ተቀባዩ ባለቤት ነውና ይህ ከከዳተኞቹ «ኝ»ዎች አንዱ ነው። ሲጠራጠሩ «ተቀበልኩ» ወደሚለው ግስ ይለውጡት፤ «አልተቀበልኩም» ሲሆን «አይ» ይወጣል፤ ሚስቲቱንም ያስቀድሙ። በዚያው ዓረፍተ ነገር «ዲድንት» እና «ናዚንግ» ሁለት አሉታ ስለሆኑ ሁለተኛው «ኤኒዚንግ» ይሆናል። «ማንም አልነገረንም» ውስጥ «ማንም» ባለቤት ስለሆነ «ኤኒባዲ» ይወጣና «ኖ ዋን ቶልድ አስ» ይገባል። «ሁሉም ሰው አለበት» ነጠላ ነውና «ሃቭ» ወደ «ሃዝ» ይለወጣል። «ለማን» ከፊቱ «ለ» ስላለው «ቱ ሁም» ነው። የመጨረሻው «ለእኔ» ደግሞ በ«ለ» ምክንያት «ሚ» ነው፤ «አይ» የሚል በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስለሌለ «ማይሰልፍ» መቀመጫ የለውም።

ተስተካክሎ ሲነበብ፦ «ማይ ዋይፍ ኤንድ አይ ዲድንት ሪሲቭ ኤኒዚንግ። ኖ ዋን ቶልድ አስ። ኤቭሪዋን ኢን ዘ ቢልዲንግ ሃዝ ዘ ሴም ፕሮብለም። ቱ ሁም ሹድ ዊ ራይት? ፕሊዝ ኮል ማይ ዋይፍ ኦር ሚ።» ተከራዩ መጻፉን ትቶ ወርዶ አስተዳዳሪውን በደረጃው ላይ ቢያገኘው ግን «ኖ ዋን»ን በ«ኖባዲ»፣ «ቱ ሁም ሹድ ዊ ራይት?»ን በ«ሁ ሹድ ዊ ራይት ቱ?» ይለውጣቸው፤ የቀረውን እንዳለ ይናገረው።